የነጭ ኮሌታ አመጣጥና የሠሪዎቹ ታሪክ

የወንድ ሙሉ ልብስ ሲታሰብ ኮቱ፣ ሱሪውና ሸሚዙ አብረው ይታሰባሉ። ከሦስቱ ቶሎ የሚያድፈው፣ ቶሎ የሚያረጀውና ቶሎ የሚለወጠው ሸሚዙ ነው። በልኩ ኮትና ሱሪ ያሰፋ ሰው ለብዙ ዓመታት ሊለብሳቸው ይችላል፤ አለባበሱን ማሻሻል የፈለገ ዕለት ግን አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ሸሚዙ ነው። ከሸሚዙም ይልቅ የተመልካች ዓይን የሚያርፈው በኮሌታው ላይ ነው። ኮሌታው የነጣና የቀና ከሆነ ያረጀ ኮት እንኳ ክብር ያገኛል፤ ኮሌታው ያደፈ ከሆነ ግን አዲስ ኮት አያድነውም።

ይህ በመጀመሪያ ሲታይ የውበትና የምርጫ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ታሪኩን ለመረመረ ግን ነገሩ የሥራ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። አንድ ኮሌታ ከጠዋት እስከ ማታ ነጭ ሆኖ እንዲውል ማን አጠበው? ማንስ ተኮሰው? ድካሙስ በምን ዋጋ ተከፈለ? የሸሚዝ ኮሌታ ያለፈበት የሁለት መቶ ዓመት ጉዞ ለእነዚህ ጥያቄዎች ግልጽ መልስ ይሰጣል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከውስጥ ልብስነት ወደ አደባባይ

ሸሚዝ የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ሲሆን፣ የፈረንሳይኛው ቃል ደግሞ በኋለኛው ዘመን ላቲን «ካሚሲያ» ይባል ከነበረው የተገኘ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቅ የነበረው ጄሮም በ4ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ይህን ቃል የጠቀሰው ወታደሮች ከገላቸው አጣብቀው ይለብሱት የነበረውን የበፍታ ልብስ ለመግለጽ ነው። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚስማሙበት የዓረብኛው «ቀሚስ»ም ከዚሁ ምንጭ የተቀዳ ነው። እንግዲህ በአማርኛ የወንዱ ሸሚዝና የሴቷ ቀሚስ በተለያየ መንገድ ተጉዘው የተገናኙ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

በአውሮፓ ሸሚዝ ለብዙ ምዕተ ዓመታት የውስጥ ልብስ ነበር። ከተልባ እግር ፈትል በተሠራ ጨርቅ ይሰፋል፤ በራስ በኩል ይጠለቃል፤ እስከ ጭን ይወርዳል። ከላይኛው ልብስ ወጣ ብለው የሚታዩት አንገቱና የእጅጌዎቹ ጫፍ ብቻ ነበሩ። በሸሚዝ ብቻ ሆኖ በእንግዳ ፊት መቅረብ ልብስ ሳይለብሱ እንደ መቅረብ ይቆጠር ነበር። ጨርቅ ውድ ስለ ነበረ አቆራረጡ ብልሃት የተሞላበት ነው፤ ሸሚዙ በሙሉ ከአራት ማዕዘን ቁራጮች ስለሚገጣጠም አንዲት ብጣሽ እንኳ አትጣልም ነበር። ስፌቱ በአብዛኛው በቤት ውስጥ በሴቶች እጅ ይከናወን ነበር።

በዚህ ዓይነት ከላይኛው ልብስ ወጣ ብላ የምትታየው ጥቂት ነጭ ጨርቅ የሰውን ደረጃ መናገሪያ ሆነች። እጁን በሥራ የሚያሳድፍ ሰው ኮሌታውን ነጭ አድርጎ መዋል አይችልም፤ ነጭ አድርጎ የሚውል ሰው ደግሞ ወይ አይሠራም፣ ወይ ብዙ ሸሚዝና የሚያጥብለት ሰው አለው ማለት ነበር። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አዳም ስሚዝ በ1776 ባሳተመው ስመ ጥር መጽሐፉ ይህንኑ ጉዳይ አንሥቶታል። በእርሱ አስተያየት የተልባ እግር ሸሚዝ ለመኖር የግድ የሚያስፈልግ ነገር አይደለም፤ የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ያለ እርሱ በደኅና ኖረዋል። ይሁን እንጂ በእርሱ ዘመን በአብዛኛው የአውሮፓ ክፍል የቀን ሠራተኛ እንኳ ያለ ሸሚዝ ከሰው ፊት ለመቅረብ ያፍር ነበር። ከዚህ የምንረዳው አንድ ዕቃ አስፈላጊ የሚሆነው በተፈጥሮ ግዴታ ብቻ ሳይሆን በኅብረተሰቡ አመለካከት ጭምር መሆኑን ነው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ የለንደን ሰዎች የአለባበስ አርአያ የነበረው ጆርጅ ብራሜል ይህን አመለካከት ወደ ሥርዓት ለወጠው። የመሳፍንቱን ሐርና የወርቅ ጥልፍ ትቶ በልኩ የተሰፋ ጠቆር ያለ ኮትና እንከን የሌለው ነጭ ሸሚዝ መልበስ ጀመረ። አንገቱ ላይ የሚጠመጥመውን ነጭ ጨርቅ በቀላሉ አሚዶ አጠንክሮ በእጅ ያቀናው ነበር። ልብሱም ከከተማው የከሰል ጢስ ርቆ በገጠር እንዲታጠብለት ያደርግ እንደ ነበረ ይነገርለታል። የዛሬው ሙሉ ልብስ መሠረት የተጣለው በዚህ ጊዜ ነው። ብራሜል ግን በ1816 ዕዳ በዝቶበት ወደ ፈረንሳይ ሸሸ፤ በ1840ም ካን በተባለች ከተማ በድህነት ሞተ። ከአለባበሱ ጋር ስሙ እስከ ዛሬ ሲነሣ፣ ልብሱን ያጠቡለትን ሴቶች ስም ግን የመዘገበ የለም።

የሸሚዝ ሰፊዎች ኑሮ ወደ ሥነ ጥበብ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ባለ ቅኔ ቶማስ ሁድ በ1843 «ፓንች» በተባለው መጽሔት ስለ አንዲት ሸሚዝ ሰፊ ያወጣው ግጥም በአገሩ ከፍተኛ መነጋገሪያ ሆነ። ሠዓሊው ሪቻርድ ሬድግሬቭም በ1844 ሌሊቱን ሙሉ ስትሰፋ ያደረችን ሴት በሥዕል አሳየ። ከዚያ በፊት በሥዕል አዳራሾች ይታይ የነበረው የለባሹ ፊት ነበር፤ አሁን የሰፊዋ ፊት ታየ።

አንዲት ሴት፣ አንድ መቀስ

የኮሌታ ታሪክ ዋና ምዕራፍ የተጻፈው ግን በለንደን ሳይሆን በአሜሪካ ነው። በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በሐድሰን ወንዝ ዳር ትሮይ የምትባል ከተማ አለች። በአካባቢው በሚነገረው ታሪክ መሠረት ሐና ሎርድ ሞንታግ የተባለች የዚህች ከተማ ነዋሪ በ1827 ገደማ የባሏን ሸሚዞች ስታጥብ አንድ ነገር አስተዋለች። የሸሚዙ አካል ሳያድፍ ኮሌታው ብቻ ያድፋል፤ በኮሌታው ምክንያት ግን ሸሚዙ በሙሉ ይታጠባል። ስለዚህ ኮሌታውን በመቀስ ቆርጣ ለብቻው አጠበችና መልሳ የምታያይዝበትን ዘዴ ፈጠረች።

ይህ ሐሳብ ከአንዲት ሴት የድካም ብዛት የመነጨ ነበር። ገበያው ግን ወዲያው ነጠቀው። ኤቤኔዘር ብራውን የተባለ፣ ቀድሞ ሰባኪ የነበረ ባለ ሱቅ በ1829 ተነቃይ ኮሌታዎችን እያሰፋ መሸጥ ጀመረ። ሰፊዎቹ የከተማው ሴቶች ሲሆኑ፣ የሚከፈላቸው በገንዘብ ሳይሆን ከዚያው ከሱቁ በሚወስዱት ዕቃ ነበር። በ1830ዎቹ ዓመታት የኮሌታ መሥሪያ ቤቶች ተቋቋሙ፤ በ1850ዎቹ መጀመሪያ የልብስ ስፌት መኪና በሥራው ላይ ዋለ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ላይ በአሜሪካ ከሚሸጡት ኮሌታዎችና የእጅጌ ጫፎች ውስጥ አብዛኞቹ የሚሠሩት በትሮይ ስለ ነበረ ከተማዋ «የኮሌታ ከተማ» ተባለች።

ኮሌታው ይህን ያህል ገበያ ያገኘበት ምክንያት ግልጽ ነው። በዚያ ዘመን ኢንዱስትሪና ንግድ ሲስፋፉ በየመሥሪያ ቤቱ ብዙ ጸሐፊዎች፣ ሒሳብ ሠራተኞችና ሻጮች ይቀጠሩ ጀመር። ገቢያቸው ከፋብሪካ ሠራተኛ ብዙም የማይበልጥ ነበር፤ በአለባበስ ግን ባለ ሀብቱን መምሰል ይጠበቅባቸዋል። በየቀኑ ንጹሕ ሸሚዝ የመቀየር አቅም ያልነበረው ጸሐፊ ሁለትና ሦስት ሸሚዝ ብቻ ይዞ በየቀኑ ንጹሕ ኮሌታ መቀየር ቻለ። ከኮቱ ሥር ያለው ሸሚዝ ያደረ ቢሆንም ከላይ የሚታየው ነጭ ነው። ክብሩ በእውነትም ከአንገት በላይ ነበር።

ካውያና አድማ

ኮሌታው ከመሸጡ በፊት መታጠብ፣ መንጣት፣ በአሚዶ መነከርና መተኮስ ነበረበት። ለዚህ ሥራ በትሮይ የላውንደሪ ድርጅቶች ተከፈቱ። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ሲሆኑ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከረኃብ ሸሽተው ከአየርላንድ የተሰደዱ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ። ሥራው በሦስት ይከፈላል፤ አጣቢዎቹ በፈላ ውሃና በማንጫ ኬሚካል ውስጥ እጃቸውን ነክረው ይውላሉ፤ አሚዶ ቀቢዎቹ ትኩሱን አሚዶ ከጨርቁ ጋር ያዋሕዳሉ፤ ተኳሾቹ ምድጃ ላይ የሚግለውን ከባድ ካውያ እያፈራረቁ ከጠዋት እስከ ማታ ይቆማሉ። የሥራው ቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይደርስ ነበር። አሚዶ የሚቀባ አዲስ መኪና በገባ ጊዜ ደግሞ ድካሙ አልቀነሰም፤ ኮሌታው ከመኪናው የሚወጣው እጅግ ግሎ ስለ ነበረ በሠራተኞቹ እጅ ላይ ቃጠሎ ይተው ጀመር።

ኬት ሙላኒ ከእነዚህ ሠራተኞች አንዷ ናት። አየርላንድ ተወልዳ ከቤተሰቦችዋ ጋር ወደ ትሮይ የመጣች ሲሆን፣ በ1864 ዕድሜዋ 19 ዓመት ገደማ ነበር። በከተማዋ የብረት ቀላጮች ማኅበር አባላት በአድማ ደመወዛቸውን እንዳሻሻሉ ታውቃለች። ከጓደኞቿ ጋር ሆና የኮሌታ ላውንደሪ ሠራተኞችን ማኅበር አቋቋመች። ማኅበሩም በየካቲት ወር 1864 ሥራ አቆመ። በ14 ላውንደሪዎች የሚሠሩ 300 ያህል ሴቶች ካውያቸውን አስቀመጡ። ሳምንት ሳይሞላ አሠሪዎቹ የ25 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ተቀበሉ። በአሜሪካ ከዚያ በፊትም ሴት ሠራተኞች ያቋቋሟቸው ማኅበራት ነበሩ፤ ብዙዎቹ ግን አድማው ሲያልቅ አብረው ይበተኑ ነበር። የትሮይዎቹ ማኅበር ግን ዓመታት ቆየ። በ1866 ብረት ቀላጮቹ አድማ በመቱ ጊዜ እነዚህ ሴቶች ካጠራቀሙት ገንዘብ 1,000 ዶላር ለወንድሞቻቸው አዋጡ። ሙላኒም በ1868 በብሔራዊው የሠራተኞች ኅብረት ውስጥ ረዳት ጸሐፊ ሆና ተሾመች፤ በዚህ ደረጃ ከተቀመጡት ሴቶች የመጀመሪያዋ እርሷ ናት።

ይሁን እንጂ በ1869 ሴቶቹ እንደገና ሥራ ሲያቆሙ ድሉ አልተደገመም። አሠሪዎቹ በዚህ ጊዜ ተባብረው ጠበቋቸው፤ ማኅበሩን ለምትለቅ ሠራተኛ ጭማሪ እንደሚሰጧት ቃል ገቡ። ከዚህ ሌላ መታጠብና መተኮስ የማያስፈልገው የወረቀት ኮሌታ በገበያ እየተስፋፋ ነበር። የወረቀት ኮሌታ መብት በ1854 የተመዘገበው ባለ ቆብ መርፌ ቁልፍን በፈለሰፈው በዋልተር ሐንት ስም ነው። ሴቶቹ የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ኮሌታ ለመሥራት ቢሞክሩም ሙከራው አልዘለቀም፤ ማኅበራቸውም በ1870 ፈረሰ። ሙላኒ በ1906 አረፈች። በትሮይ የኖረችበት ቤት በ1998 በብሔራዊ የታሪክ ቅርስነት ተመዝግቧል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ አለ። ተነቃዩ ኮሌታ የሐና ሞንታግን የቤት ድካም ቀነሰ፤ ለጸሐፊውም በአነስተኛ ዋጋ ክብር ሰጠው። ድካሙ ግን አልጠፋም። ከአንድ ቤት ጓዳ ወጥቶ በመቶ ሴቶች ጫንቃ ላይ ዐረፈ።

በሥዕል የተወለደው ሰው

የወረቀቱ ኮሌታ ተለብሶ የሚጣል ነበር። ቀጥሎ በ1870ዎቹ ዓመታት ከሴሉሎይድ የተሠራ ኮሌታ መጣ። በእርጥብ ጨርቅ ቢጠረግ የሚጸዳ በመሆኑ ለብዙ ተጓዦችና ለዝቅተኛ ደመወዝተኞች ተመቸ፤ ነገር ግን እሳት ቶሎ የሚበላውና አንገት የሚያሳክክ ነበር። በ1871 ደግሞ የለንደኑ ብራውን ዴቪስና ኩባንያ ከላይ እስከ ታች በቁልፍ የሚከፈት ሸሚዝ አስመዘገበ። ሸሚዝን በራስ በኩል ማጥለቅ ቀስ በቀስ የቀረው ከዚህ በኋላ ነው።

የትሮይ ባለ ሀብቶች ገበያቸውን ያስፋፉት በጨርቁ ጥራት ብቻ ሳይሆን በሥነ ጥበብም ጭምር ነው። ክሉዬት ፒቦዲና ኩባንያ «አሮው» በሚል የንግድ ምልክት ለሚሸጣቸው ኮሌታዎች ሠዓሊ ቀጠረ። ይህ ሠዓሊ በ1874 በጀርመን የተወለደው ጆሴፍ ክርስትያን ላይንዴከር ነው። ከ1905 እስከ 1931 የሣላቸው መልከ መልካም ወጣቶች፣ አገጫቸው የቀና፣ ኮሌታቸው እንደ እብነ በረድ የነጣ ሆነው በየጋዜጣውና በየመጽሔቱ ታዩ። በሥዕል ብቻ ለነበረው ለዚህ «የአሮው ኮሌታ ሰው» ከሴቶች የፍቅር ደብዳቤ ይጎርፍለት እንደ ነበረ ይተረካል። በ1923 በኒውዮርክ የሙዚቃ ቴአትር ስለ አንድ የትሮይ ኮሌታ ፋብሪካ ለመድረክ መቅረቡ ኮሌታው በዘመኑ ሕይወት ውስጥ የነበረውን ስፍራ ያሳያል። በእነዚያ ሥዕሎች ላይ ኮሌታው እንጂ ካውያው አይታይም። ማስታወቂያ ሠዓሊው የተቀጠረውም ይህን እንዲሸፍን ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በዚያው ዘመን ኮሌታው የመደብ ስም ሆነ። በቢሮ የሚሠራው «ነጭ ኮሌታ»፣ በፋብሪካ የሚሠራውና እድፍ የማያሳይ ጠንካራ ሰማያዊ ሸሚዝ የሚለብሰው «ሰማያዊ ኮሌታ» ተባለ። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ራይት ሚልስ በ1951 ስለ ቢሮ ሠራተኛው መደብ ላዘጋጀው መጽሐፍ «ነጭ ኮሌታ» የሚል ርእስ ሰጥቶታል። ባለ መስመር ሸሚዝ በመጀመሪያ እድፍ ለመደበቅ ነው ተብሎ ይጠረጠር ነበር፤ አካሉ ባለ ቀለም ሆኖ ኮሌታው ነጭ የሆነውና እስከ ዛሬ በባንክ ሰዎች ዘንድ የሚወደደው ሸሚዝም የዚያ ዘመን ትዝታ ነው።

የጠንካራው ኮሌታ መውደቅ

ጠንካራውን ኮሌታ የጣለው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ዓመታት ለስላሳ ኮሌታ ያለው የወታደር ሸሚዝ የለበሱ ወጣቶች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አንገታቸውን ለአሚዶ መልሰው መስጠት አልፈለጉም። ጆን ቫን ሂውሰን የተባለው ፈልሳፊ ሲሸመን ጀምሮ ቅርጽ የያዘ፣ ያለ አሚዶ የሚቆም ለስላሳ ኮሌታ ሠራ፤ ከ1920ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮም በሰፊው ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ኮሌታው ከሸሚዙ ጋር አብሮ የተሰፋ ሆነ። ይህ ደግሞ አዲስ ችግር አስከተለ። ተነቃይ ኮሌታ ቢጠብ በሌላ ይለወጣል፤ አብሮ የተሰፋው ታጥቦ ከጠበበ ግን ሸሚዙ በሙሉ ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል። መፍትሔውን ያገኘው የዚያው የትሮይ ኩባንያ ባልደረባ ሳንፎርድ ክሉዬት ነው። ጨርቁ በእንፋሎት ከራሰ በኋላ፣ ተለጥጦ በሚሰበሰብ ወፍራም ምንጣፍ ላይ ተጣብቆ ሲያልፍ ድሩና ማጉ ይቀራረባሉ፤ ወደ ፊት በመታጠብ የሚመጣው መጥበብ አስቀድሞ በፋብሪካ ይፈጸማል። ይህ ዘዴ በ1930 በስሙ ተመዘገበ፤ «ሳንፎራይዝድ» የሚለውም ምልክት ከእርሱ ስም የተወሰደ ነው።

በ1941 በእንግሊዝ አገር ዊንፊልድና ዲክሰን የፖሊስተርን ጭረት ፈለሰፉ። ከጥጥ ጋር ሲቀላቀል ብዙ መተኮስ የማይፈልግ ሸሚዝ ተገኘ። ካውያው ከብዙ ቤቶች ጥጋቡን አጣ፤ ለባሹ ግን የጥጡን ምቾትና አየር ማስገባት በከፊል አጣ።

መልካም ሸሚዝ በምን ይታወቃል?

ዛሬ አለባበሱን ለማሻሻል የሚፈልግ ሰው የንግድ ምልክት ከመፈለግ ይልቅ ሥራውን ማየት ቢለምድ ይጠቀማል። በመጀመሪያ ልኩን ይመልከት፤ ኮሌታው ተቆልፎ ሳለ አንድ ወይም ሁለት ጣት ሊያስገባ ይገባል፤ የትከሻው ስፌት ትከሻ ላይ ማለቅ አለበት፤ የእጅጌው ጫፍ ከኮቱ እጅጌ ጥቂት ወጣ ማለቱ ያምራል። ቀጥሎ ጨርቁን ይዳስስ፤ ሁለት ፈትል ተገምዶ የተሠራ ጨርቅ በአንድ ፈትል ከተሠራው ይበልጥ ይበረክታል። ስፌቱ የደቀቀና የተጠጋጋ፣ የመስመሮቹ ጨርቅ በመጋጠሚያው ላይ የተገናኘ ይሁን። በኮሌታው ውስጥ ያለው ማጠንከሪያ በሙጫ ብቻ ተጣብቆ ከሆነ ከብዙ እጥበት በኋላ ሊያኮርፍ ይችላል፤ በመርፌ የተያዘ ከሆነ ግን ቅርጹን ይጠብቃል። ቁልፉም ከባሕር ዛጎል የተሠራ ከሆነ ሲነኩት ይቀዘቅዛል፤ ፕላስቲኩ አይቀዘቅዝም።

ከሁሉ በላይ መልካም ሸሚዝ የሚታደስ ሸሚዝ ነው። ኮሌታው በአንገት በኩል ሲተለተል የተካነ ልብስ ሰፊ ስፌቱን ፈትቶ ይገለብጠዋል፤ ያልተነካው ገጽ ወደ ውጭ ይወጣና ሸሚዙ ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል። ሐና ሞንታግ ያሰበችውም በመሠረቱ ይኸንኑ ነበር፤ አንዱ ክፍል ስላረጀ ሙሉው አይጣል።

ከትሮይ እስከ ሐዋሳ

የትሮይ ኮሌታ ፋብሪካዎች ከተዘጉ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። የንግድ ምልክቶቹ ግን ከእጅ ወደ እጅ ተሸጋገሩ። የቫን ሂውሰን ኮሌታ ወራሽ የሆነው ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2004 «አሮው»ንም ገዛ። ይኸው ኩባንያ በ2016 በተመረቀው በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ግንባር ቀደም ባለ ሀብት ሆኖ ገባ። ስለዚህ የኮሌታው ታሪክ ከወንዝ ዳሯ ትሮይ ተነሥቶ በሐይቅ ዳሯ ሐዋሳ በኩል አለፈ። እዚህም ስፌት መኪናው ፊት የተቀመጡት በአብዛኛው ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን የንግድ ትምህርት ቤት በ2019 ባወጣው ጥናት በፓርኩ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደ ነበረና ይህም በዓለም ልብስ አምራች አገሮች ዘንድ ዝቅተኛው መሆኑን ገልጿል። ኩባንያው በጦርነቱ ወቅት፣ በኅዳር 2021፣ በፓርኩ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ኢትዮጵያም ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል ወጣች። ከዚያ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ሸሚዝ አትልበሱ፣ ነጭ አታምርጡ የሚል አይደለም። ንጹሕ ሆኖ ከሰው ፊት መቅረብን የመሰለ መልካም ነገር የለም፤ ኬት ሙላኒና ጓደኞቿም ካውያቸውን ያስቀመጡት ኮሌታን ጠልተው አልነበረም። የጠየቁት የሥራቸውን ዋጋ ነው። በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ኮሌታው ከሸሚዝ ተነቅሏል፣ ወረቀት ሆኗል፣ ሴሉሎይድ ሆኗል፣ ለስልሷል፣ ተመልሶም ከሸሚዙ ጋር ተሰፍቷል። በእነዚህ ለውጦች ሁሉ ለባሹ ተጠቅሟል፤ ሠሪዋ የተጠቀመችው ግን ከጓደኞቿ ጋር ቆማ በጠየቀችበት ጊዜ ብቻ ነው። የአለባበስን መሻሻል የሚያስተምር መምህር፣ የመድረክ ልብስ የሚያዘጋጅ ባለሙያ፣ የሰው መልክ የሚሥል ሠዓሊ ሁሉ ነጩን ኮሌታ ባየ ቁጥር ከጀርባው ያሉትን እጆች ቢያስብ ሥራው ይበልጥ የተሟላ ይሆናል።